ለጫጉላ ባሕር ለምታስቡ፣ እኛ ሳንጠይቅ ሄደን ያየነው

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከበረንዳችን ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ከቤት አያስወጣም። እኔም ባለቤቴም ባሕር አይተን አናውቅም ነበር። ያየነው ትልቅ ውሃ ላንጋኖ ነው። ስንጋባ «ሰርጉ ይነስ፣ ጫጉላችን ግን ባሕር ላይ ይሁን» ተባባልን። እሱ ከደመወዙ ቆጠበ፣ የእኔ ዕቁብ ደረሰ፣ ኬንያ ሄድን።

ስንመለስ ለጠየቀን ሁሉ «በጣም ደስ ይላል» አልን። ፎቶዎቹም ያምራሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከከፈልንባቸው አምስት ሌሊቶች ሁለቱን ሳንተኛ አነጋን። ያልታሰበ ወጪ ወጣን። ከተመለስን በኋላ ደግሞ እኔ አልጋ ላይ ወደቅሁ። አብዛኛው ነገር ቀድመን ብንጠይቅ፣ ወይም በሰዓቱ አፍ አውጥተን ብንናገር ኖሮ የሚቀር ነበር። ከፋሲካ በኋላ ለመጋባት የምትዘጋጁ ብዙ ናችሁ። የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ጉዞውን የገዛነው ከአንድ የጉዞ ወኪል ነው። ልጁ ስልኩን ከፍቶ ፎቶ አሳየን። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ሁለት መዝናኛ ወንበር። ለአምስት ሌሊት፣ ለሁለታችን፣ ቁርስና እራት ጨምሮ 36,000 ብር አለን። የአየር ትኬቱ ለብቻው ነው። ሌላ ቦታ የጠየቅነው ዋጋ የዚህ እጥፍ ነበር። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ባሕሩ ቅርብ ነው?» አልኩት። «በሩ ላይ ነው» አለኝ።

ለምን እንደዚህ ረከሰ ብዬ መጠየቅ ፈልጌ ነበር። ግን ቡና ጋብዘውናል። ከኋላችን ሰው ተራ ይጠብቃል። ልጁም ትሑት ነው። ይሉኝታ ያዘኝና ከፈልን።

የረከሰው በወቅቱ ምክንያት ነው። እኛ አገር ሰርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ በኬንያ ባሕር ዳርቻ ዋናው የዝናብ ወቅት ነው። ፈረንጆቹ ሜይ የሚሉት ወር፣ በእኛ ከሚያዝያ 23 እስከ ግንቦት 23 ገደማ ያለው፣ ሞምባሳ ላይ በዓመት ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚዘንብበት ወር ነው። እኛ ክረምት ሲባል ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ነው የሚታየን። ግንቦት ላይ ጎርፍ የመሰለ ዝናብ ይጠብቀናል ብሎ ማን ያስባል? ሆቴሎቹ ግን ያውቃሉ። አንዳንዶቹ በዚያ ሰሞን ለእድሳት ይዘጋሉ፣ ሌሎቹ ዋጋ ይጥላሉ። ርካሽ ዋጋ ስታገኙ በመጀመሪያ የምትጠይቁት «በዚያ ወር እዚያ አገር ምን ዓይነት አየር ነው?» የሚለውን ይሁን። ሰርጋችሁ ጥር ከሆነ እድለኞች ናችሁ። ጥርና የካቲት እዚያ ፀሐይ ነው። ዋጋው ግን ይወደዳል።

ሁለተኛው ስህተቴ ወኪሉ ለሆቴሉ እንድናሳይ የሰጠንን ወረቀት፣ ቫውቸሩን፣ ሳላነብ ማጠፌ ነው። ወረቀቱ ላይ ከክፍሉ ዓይነት ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል ነበረች፤ «ቢቢ» የምትል። ምን እንደሆነች አላወቅሁም፣ አልጠየቅሁምም። ቢቢ ማለት አልጋና ቁርስ ብቻ ማለት ነው። ቁርስና እራት ያለው «ኤችቢ» ይባላል፣ ሦስቱንም ምግብ የያዘው «ኤፍቢ» ነው። ወኪሉ በአፉ እራት አለው ብሎናል። ወረቀቱ ግን ቢቢ ነው የሚለው። ሆቴል ደግሞ የሚያምነው ወረቀቱን ነው።

ሰርጋችን ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ነበር። መልሱም ቅልቅሉም አለፈና ግንቦት 4 በረርን። ከቦሌ ሞምባሳ በቀጥታ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ቪዛ አልተጠየቅንም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችንን ግን ይዘን ነበር፤ የዚህችን ካርድ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። ከአውሮፕላኑ በር ስንወጣ ሙቀቱ እንደ ድስት እንፋሎት ፊታችን ላይ መጣ። ባለቤቴ ከቱሉ ዲምቱ የለበሰውን ሹራብ እዚያው ደረጃው ላይ አወለቀ።

ሞምባሳ ከተማዋ ደሴት ላይ ናት። የእኛ ማረፊያ ከከተማው በስተደቡብ፣ ዲያኒ በሚባለው ዳርቻ ነበር። ሾፌሩ ሊኮኒ በሚባለው የጀልባ መሻገሪያ ወሰደን። መኪናና እግረኛ አንድ ላይ የሚሻገሩበት ትልቅ ጀልባ ነው። ሰልፉ ብዙ ሰዓት በላ። አሁን ጀልባውን የሚያስቀር ዶንጎ ኩንዱ የሚባል መንገድ ስላለ፣ ከመነሳታችሁ በፊት በየት እንደሚወስዳችሁና ስንት እንደሚያስከፍላችሁ ተስማሙ። እኛ ሳንስማማ ስለገባን የተጠየቅነውን ከፈልን።

ስንደርስ መሽቷል። ዲያኒ ላይ አንድ ዋና መንገድ ከባሕሩ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ከመንገዱ ወዲህ፣ ባሕሩ በኩል ያሉት ሆቴሎች ውድ ናቸው። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ይረክሳሉ። የእኛው ማዶ ያለው ነበር። ወደ ባሕሩ ለመድረስ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ በሁለት ትልልቅ ሆቴሎች አጥር መካከል ባለች ቀጭን መንገድ የሩብ ሰዓት እግር ጉዞ ነው። ቦታ ስትመርጡ ስሙን ካርታ ላይ ፈልጉት። በማረፊያውና በውሃው መካከል መንገድ ካለ «ባሕር ዳርቻ» የሚለው ቃል አያታላችሁ።

ክፍሉ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ኤሲ አለ፣ ሪሞቱ ግን ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚሰጥ ነው። የሻወሩን ቧንቧ ስከፍት አየር ብቻ ነው የወጣው። የጥበቃው ሰውዬ መጥቶ አየና «ሃኩና ማጂ» አለ። ውሃ የለም ማለት ነው። የተማርኩት የመጀመሪያው ስዋሂሊ ይህ ሆነ።

አልጋው ላይ አጎበር ተሰቅሏል። በእኔ ራስጌ በኩል ቡጢ የሚያህል ቀዳዳ አለ። አንድ ሰው ጠርዙን ሰብስቦ በጥቁር ክር አስሮታል። ክሩ ግማሹ ተፈቷል። ሳየው ቆየሁ። ከእኛ በፊት እዚህ የተኛ ሌላ ሰው፣ እሱም ሳይናገር፣ ከሻንጣው ክር አውጥቶ ያሰረው መሰለኝ። እኔም የፀጉር ማስያዣዬን አውልቄ በላዩ አሰርኩበት። ባለቤቴ «ደክሟቸዋል፣ በዚህ ሌሊት አናስቸግራቸው፣ ነገ እንናገራለን» አለ። እኔም ተስማማሁ። የዛሬ ጸጸቴ እሱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ትንኝ ጆሮዬ ሥር ሲጮህ አደረ።

ጠዋት ቁርስ በልተን ወደ ባሕሩ ወረድን። አራት ሰዓት አልፏል። ቀጭኗን መንገድ ጨርሰን ስንወጣ ባሕሩ የለም። በእውነት የለም። ከፊታችን እርጥብ አሸዋ፣ ቡናማ የባሕር ሣር፣ ድንጋይ፣ በየቦታው የቀረ ኩሬ። ውሃው እሩቅ፣ ነጭ ክር መስሎ ይታያል። እዚያ ቆሜ እንባዬ መጣ። የተታለልን መሰለኝ።

አልተታለልንም፣ በዚህኛው እንኳን። የባሕር ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ አለ። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ይበዛል። በዚያ ዳርቻ እንዲህ ባሉ ቀናት ውሃው ከሦስት ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ይላል። እኛ የደረስን ቀን ጨረቃ ሙሉ ነበረች። ሰዓቱ ደግሞ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ይህንን ሁሉ ኋላ ነው ያወቅነው። ሐይቅ እንጂ ባሕር ለማናውቅ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ላንጋኖ ጠዋት ጥላችሁት ብትሄዱ ማታም እዚያው ነው። ማረፊያችሁ ስትደርሱ «ነገ ውሃው የሚሞላው በስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሠራተኛው ሁሉ ያውቀዋል። ቀናችሁን በዚያ ቀምሩት።

ባለቤቴ ውሃው ጋ እንድረስ ብሎ በባዶ እግሩ ገባ። ሁለት መቶ ሜትር አልሄደም። ድንጋዩ መካከል ጃርት የመሰለ፣ ጥቁር ረጃጅም እሾኽ ያለው የባሕር እንስሳ ረገጠ። አራት እሾኽ ተረከዙ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። የአካባቢው ልጆች ደግፈው አወጡት፣ የፓፓያ ወተት ቀቡለት። ሁለት ቀን አነከሰ። ኮንጎ ጫማ ወይም ማንኛውም ውሃ የማይፈራ ሽፍን ጫማ ሳትይዙ አትሂዱ።

ያን ቀን ከሰዓት ዝናቡ መጣ። ወረደ ማለት አይገልጸውም። የቆርቆሮው ድምፅ ስላላነጋገረን ዝም ብለን ተቀመጥን። ማታ እራት በላን፣ አስተናጋጁ ሂሳብ አመጣ። «ተካትቷል» ስንለው ቫውቸሩን አምጥቶ ቢቢ የምትለዋን በጣቱ አሳየን። ያኔ ነው ትርጉሟን ያወቅሁት። የመጀመሪያውም ማታ እራት ተመዝግቦብን ኖሯል። ያን ሰሞን ብርና የኬንያ ሽልንግ ምንዛሪያቸው ተቀራራቢ ስለነበር ሒሳቡ ወዲያው ገባኝ፤ ለአምስት ቀን ሲሆን አስደነገጠኝ። ባንክ ፓስፖርትና ትኬት አቅርበን የገዛናትን ዶላር መቁጠር ጀመርን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክፍላችንን የምታጸዳው ሴት መጣች። ትልቅ ሰው ናት፣ እናቴን ትመስላለች። አጎበሩ ላይ ያሰርኩትን የፀጉር ማስያዣ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ፖሌ፣ ዳዳ» አለችኝ። ፖሌ ልክ እንደኛ «አይዞሽ» ነው። ዳዳ እህቴ። ቀጥላ በእንግሊዝኛ «ለምን በመጀመሪያው ሌሊት አልተናገራችሁም? ላይኛው ፎቅ በሙሉ ባዶ እኮ ነው» አለች።

ባዶ። ሁለት ሌሊት ትንኝ ሲበላን፣ ከራሳችን በላይ ንጹሕ ክፍሎች ባዶ ነበሩ። ባለቤቴ እያነከሰ ወረደና ሥራ አስኪያጁን አነጋገረ። አልተቆጣም፣ አልጮኸም። «ውሃ የለም፣ አጎበሩ ተቀዷል፣ ፎቶው ይኸው» ብቻ አለ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ላይ ወጣን። ውሃ አለ፣ ቬንትሌተሩ ድምፅ የለውም፣ አጎበሩ ሙሉ ነው። አሮጌው ክፍል ውስጥ የታገስነውን ሳስብ በራሴ አዘንኩ። ይሉኝታ ጥሩ ባሕሪ ነው፣ ሰው እንዳናስከፋ ይጠብቀናል። በከፈላችሁበት ክፍል ግን ይቅርባችሁ። ሻንጣችሁን ሳትፈቱ ቧንቧውን ክፈቱ፣ አጎበሩን ዙሩት፣ በሩን ቆልፉት፣ የጎደለውን እዚያው ቆማችሁ ተናገሩ። ፎቶ አንሱ።

ያቺው ሴት የውሃውን ነገርም አስረዳችን። «ዛሬ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ሂዱ» አለች። ሰዓቱን በእንግሊዝኛ ስትነግረኝ ለራሴ ሳሰላ አየችኝና በስዋሂሊ ደገመችው። ለካ እነሱም በራሳቸው ቋንቋ እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት! ጠዋት ሦስት ሰዓት እነሱም ጋ ሦስት ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን እንደ ፈረንጁ ነው። ከሾፌር ጋር ስትቀጣጠሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጣሩ፣ አውሮፕላን እንዳያመልጣችሁ።

በአሥራ አንድ ሰዓት ወረድን። ዝናቡ አባርቷል። ያ እርጥብ አሸዋ፣ ያ ሣር፣ ያ ድንጋይ ሁሉ የለም። ውሃው እስከ ዘንባባዎቹ ሥር መጥቷል። እጅ ለእጅ ተያይዘን ገባን። ሞቃት ነው፣ ለብ ያለ የገላ ውሃ። ጨው መሆኑን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃለሁ፣ ከንፈሬ ላይ ሲደርስ ግን ደነገጥኩ። ባለቤቴ የታመመ እግሩን ረስቶት እንደ ልጅ ይስቃል። ፀሐይ እስክትጠልቅ አንድ ሰዓት ያህል ነው የቆየነው። ከጉዞው ሁሉ የምወደው ያቺን ሰዓት ነው።

የቀሩትን ቀናት እራት መንገድ ላይ ካለች ትንሽ ቤት በላን፣ ዓሣ በኮኮናት። ከሆቴሉ በግማሽ ይረክሳል፣ ይጣፍጣልም። አንድ ቀን ፎርት ጂሰስን አየን። ፖርቹጋሎች ከ1593 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠሩት ምሽግ ነው። ለዝናባማ ቀን ጥሩ ነው። አንድ ነገር ደግሞ፤ አማቴ ዳቦ ቆሎውን በፌስታል ቋጥረው ነበር የሰጡን። ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል በሕግ ከልክላለች። ስንቃችሁን በጨርቅ ከረጢት ያዙ።

ግንቦት 9 ተመለስን። ግንቦት 18 ማታ ብርድ ብርድ አለኝ። ሦስት ብርድ ልብስ ደራርቤ ጥርሴ ይንቀጠቀጣል። ቱሉ ዲምቱ ነውና ብርድ መታኝ አልኩ። አማቴ «ምች ነው ልጄ» ብለው ዳማከሴ አሽተው አጠጡኝ። ላብ አጠመቀኝ፣ ተሻለኝ፣ በማግስቱ እንደገና ያዘኝ። ሁለት ቀን እንደዚህ ቆየሁ። ወባ የሚባል ነገር ለምን አላሰብኩም? ክትባቱን ተወግቻለሁ ብዬ ስለማምን ነው። ካርዱ «ቢጫ ወባ» ነው የሚለው። ወባ የሚል ቃል አለበት፣ ተወግቻለሁ፣ በቃ።

ይህንን ደጋግማችሁ አንብቡት። ቢጫ ወባና ወባ አንድ በሽታ አይደሉም። ስማቸው ብቻ ነው የሚመሳሰለው። የቢጫ ወባ ክትባት ከወባ አያድንም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች እኛ ከወባ ጋር አንተዋወቅም። ያ የባሕር ዳርቻ ደግሞ ዜሮ ሜትር፣ ወባ ያለበት ቆላ ነው። ቆላ ሲባል አዋሽና መተማ ይታየናል እንጂ ፎቶው የሚያምር የጫጉላ አገር አይታየንም።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ነርሷ ገና ሙቀቴን ስትለካ «ቆላ ሄደሽ ነበር?» አለችኝ። «አይ» አልኳት። ባለቤቴ ነው «ሞምባሳ ነበርን» ያለው። አማቴ አጠገቤ ናቸው። አጎበሩ የተቀደደ ነበር ብዬ በእሳቸው ፊት መናገር አፈርኩ። ይህን ያህል ገንዘብ አውጥተው ሄደው፣ ይባላል ብዬ። ጣቴን ወግተው ደሜን አዩ። ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ነው፣ ሲዘገይ የሚገድለው። ኮአርተም ሰጡኝ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለሦስት ቀን፣ ከምግብ ጋር። ዳንኩ። የወባ ትኩሳት ከተነከሱ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ እንደሚነሳ ነርሷ ነገረችኝ። ስለዚህ ከባሕር ዳርቻ ተመልሳችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ ያኑ ቀን ተመርመሩ፣ የት እንደነበራችሁም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ መከላከያ ኪኒን ሐኪም ጠይቁ። እርግዝና ካለ ወይም ካሰባችሁ ንገሩት፤ ሁሉም ኪኒን አይሆንምና።

ባለቤቴ የእራት ደረሰኞቹንና ፎቶዎቹን ይዞ ወኪሉ ጋ ሄደ። በሦስተኛው ምልልስ 8,000 ብር መለሱልን። ደረሰኝ ባንይዝ አንድ ብር አናገኝም ነበር።

በቅርቡ ጎረቤታችን እማማ ቡና ጠጪ ብለው ጠሩኝ። ሁለተኛው ላይ እንደደረስን «ልጄም ከፋሲካ በኋላ ስታገባ እናንተ የሄዳችሁበት ልትሄድ ነው። አንቺ እንዲያ አመስግነሽልኝ የለ» አሉኝ። ስኒዬን አስቀመጥኩ። አጎበሩንም፣ ዝናቡንም፣ ወባውንም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ ሦስተኛው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ታዲያ እስካሁን ለምን ዋጥሽው?» አሉ። ምን ልበላቸው።

ማታ ልጅቷ ስልኳን ይዛ መጣች። ልታርፍበት ያሰበችው ሆቴል ጋ በቀጥታ ደወልን። ከባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ፣ ዋጋው ምን ምን እንደሚይዝ፣ በዚያ ወር ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ጠየቅን። የመለሰችልን ሴት ቅን ናት፣ «ጥር ብትመጡ ይሻላችኋል» አለች። ጫጉላቸውን ቢሾፍቱ አድርገው ባሕሩን ለጥር አቆዩት። እኔም አዲስ አጎበር ገዝቼ ሰጥቻታለሁ።